አሥራ ዘጠኝ "ከመቶ አንድ"

ጥቅምት በገባ ቁጥር ቴሌግራሜ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ "ቲቸር፣ እንዴት አመሹ? ሪኮሜንዴሽን እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር፣ ዴድላይኑ ጥቅምት 22 ነው" የሚል መልእክት ይገባል። ጥቅምት 22 የፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴ ነው። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ ወደ እኔና ወደ እንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ነው።

እኛ ይህን ነገር "የድጋፍ ደብዳቤ" ነው የምንለው። ስሙ ራሱ ሥራውን ጨርሶታል፤ ድጋፍ ከተባለ መደገፍ እንጂ ሌላ ምን ይጻፋል? ደግሞ ብዙ ጊዜ ደጋፊው አይጽፈውም። እኔ ማስተርስ ለመማር ሳመለክት አስተማሪዬ "አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ" አሉኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ "ትጉህ፣ ብልህ፣ ምስጉን ሥነ ምግባር ያለው" ብዬ ጻፍኩ። "ምስጉን" የምትለዋን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሻታለሁ። በማግስቱ ሳያነቡት ፈረሙ፣ ጸሐፊዋ ማህተም አሳረፈችበት፣ አለቀ።

ኮመን አፕ በሚባለው፣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ ላይ እንዲህ አይሆንም። ሊንኩ የሚመጣው ለመምህሩ ነው። አንድ በፈረንጆቹ 1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ተማሪው ፋይሉን የማየት መብት ቢሰጠውም፣ አብዛኞቹ ልጆች ሲያመለክቱ "መብቴን ትቻለሁ" ብለው ይፈርማሉ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሰንጠረዥ አለ። ወደ ታች የትምህርት ውጤት፣ የጽሑፍ ችሎታ፣ የክፍል ውይይት፣ ታማኝነት፣ ነገር ሲበላሽበት የሚሆነው እያለ ከአሥራ አምስት ረድፍ በላይ ይወርዳል። ወደ ጎን ደግሞ ከ"አማካይ በታች" ተነስቶ በ"ጥሩ"ና በ"በጣም ጥሩ" ያልፍና "ከመቶ አሥሩ"፣ "ከመቶ አምስቱ" ይላል። የመጨረሻው ዓምድ "ካጋጠሙኝ ጥቂቶች አንዱ፣ ከመቶ አንድ" ነው።

እኔ ለዓመታት ያንን የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ ነበር የምወርደው። ምን ላድርግ? ልጁ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላገኘ ቤተሰቡ ለአውሮፕላን ትኬቱም አይበቃም። የውጭ ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ የሚቀበሉት እንደ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእኔ ጠቅታ ከሚቀር እኔ ልዋሽ፣ እል ነበር።

አምና አንድ ቅዳሜ፣ የማን ደብዳቤ መቼ እንደሄደ የምይዝበትን ደብተር ገልጬ ቆጠርኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ "ከመቶ አንድ" ያልኳቸው ልጆች 19 ናቸው። በዓመት አራት ሴክሽን፣ ወደ 200 አዲስ ልጅ ይደርሰኛል። በሦስት ዓመት 600 ይሆናል። የ600 አንድ ፐርሰንት ስድስት ነው። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ብሰጠው በቃሉ ይሠራዋል። አሥራ ሦስቱ ከየት መጡ?

ነገሩ በሰንጠረዡም አልተጀመረም። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔ ይበልጥ የደነገጥኩት ትራንስክሪፕታቸው ላይ 94 እና 96 የሞላሁላቸው ልጆች ወድቀው ሲመጡ ነው። ያን 96 ከሰማይ አላወረዱትም።

ካልዋሸሁ ምን እጽፋለሁ የሚለውን ያሳየችኝ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ደወል ሊደወል ሲል ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ሠራሁ፤ የ"ኤክስ ሲደመር 6" ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው፣ ኤክስን ፈልጉ። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አደረግኩ፣ 3 እና -2 ብዬ ከበብኩ፣ ወጣሁ። በእረፍት ሰዓት ስታፍ ሩም በር ላይ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ሰጥታኝ ሮጠች። "ቲቸር፣ -2ን ቢያስገቡት በግራ በኩል 2 ነው የሚመጣው። ይቅርታ።" ይላል። የተሳሳትኩት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ።

የእሷን ሰንጠረዥ ስሞላ "የክፍል ውይይት" ላይ "አማካይ" አልኩ፤ ዓመት ሙሉ እጇን ስታወጣ አላየሁም። "ታማኝነት" ላይ "ከመቶ አንድ"። ደብዳቤው ስለዚያች ወረቀት ነበር፣ ከነ "ይቅርታ"ዋ። የት እንደገባች እዚህ አልጽፍም፤ በእኔ ደብዳቤ የገባች ያስመስልብኛል።

ዘንድሮ የመጣው ግን ሌላ ነው። 11ኛ ክፍል ሚድ ፈተና ላይ ካልኩሌተሩ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ፎርሙላ ጽፎ ያዝኩት። ዜሮ ሰጠሁት፣ ለዳይሬክተር አላደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ከክፍሉ ሁለተኛ ቢባል ነው።

"ታማኝነት የሚል ረድፍ አለ" አልኩት። "የላይኛውን አልሞላልህም፣ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ነገሩንም ደብዳቤው ላይ እጽፈዋለሁ። የፊዚክስ አስተማሪህን ብትጠይቅ አልቀየምህም።"

ጫማውን ሲያይ ቆየ። "እሳቸው እኮ አያውቁኝም ቲቸር" አለኝና ሄደ።

ማታ አባቱ ደወሉ። "መምህር፣ ልጅነት ነው፣ ይሸፍኑለት እንጂ። እርስዎም ወላጅ ነዎት።" ነኝ። ጠብ አላልንም፣ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እራቴን አልጨረስኩም።

ልጁ ሊንኩን ሲልከው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሞልቻለሁ፤ ታማኝነት ላይ "ጥሩ"። ደብዳቤው ላይ ክዳኑን ጻፍኩ፣ ዜሮውን ጻፍኩ፣ ከዚያ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን በሳሙና አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "ያረጋግጡ" እንዳለኝ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ይቀራል። ሰብሚት የምትለዋን ገና አልነካኋትም።