መዝገቡን ያሳየሁት ሰውዬ

ጅማ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። የጀመርኩት በ2009 አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ነበር፣ ያኔ ፖሊስ ማታ ማታ እየመጣ ማን አደረ ከየት መጣ ይላል፣ እኔም "ከጸጥታ ነኝ" ላለኝ ሁሉ መዝገቡን መዘርጋት ለመደብኝ። አዋጁ በዓመቱ መጨረሻ ተነሳ፣ የኔ ልማድ ግን እንዳለ ቀረ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ልጇን ልታሳክም ከአጋሮ መጥታ ክፍል ያዘች። ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ ስልኳን፣ የክፍሏን ቁጥር ሁሉንም ሞላሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ኮስተር ብሎ ገባና "ከጸጥታ ነኝ፣ የዛሬ እንግዶችን አሳዪኝ" አለኝ። መታወቂያ አልጠየቅኩትም። ገጹን በሞባይሉ ፎቶ ሲያነሳው እንኳን ዝም ብዬ አየሁት፣ የአስራ አንድ ሰው ስምና ስልክ ነው እዛ ላይ ያለው።

ለካ የፈታችው ባሏ ወንድም ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ባልየውን ይዞ መጣ፣ ዘበኛውን "ቅድም ለሥራ የመጣሁት ነኝ" ብሎ አለፈውና ቀጥታ ክፍሏ ሄደው በሩን ይደበድቡ ጀመር። የልጁ ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከየክፍሉ ሰው ባይወጣ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ፖሊስ ተጠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ "መታወቂያውን አይተሻል?" ብሎ ነው።

እኔ ጸጥታ ከተባለ ሁሉም ነገር የሚፈቀድ ይመስለኝ ነበር። ሕግ የምትማር የአክስቴ ልጅ ናት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ያሳየችኝ፣ የግል ሕይወት መብት ነው፣ ባለሥልጣን ራሱ ሊገድበው የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና የአገር ደህንነትን ወይ የሕዝብን ሰላም ለመጠበቅ፣ ወንጀልን ለመከላከል በመሳሰሉት ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ ነው ይላል። መዝገቡ መኖሩን አልቃወምም፣ ሰው ገድሎ የሚሸሽም እኮ ፔንሲዮን ያድራል። አሁን ግን መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ማየት የሚፈልግ መታወቂያውን ያሳያል፣ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት እጽፋለሁ፣ ፎቶ ማንሳት ካለ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የጠየቅኩትን ፖሊስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እሱ ግን ምንም ሳይከፋው አውጥቶ ሰጠኝ።

ያን ቀን ንጋት ላይ ልጇን አዝላ ስትወጣ "እህቴ፣ ስሜን ከመዝገቡ ብትሰርዢልኝስ?" አለችኝ። ፖሊስ የሚፈልገው ነው፣ መሰረዝ አልችልም አልኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት፣ አልመለሰችልኝም። እሷ ከወጣች በኋላ ገጹን አጥፌ በስቴፕለር መታሁት። መዝገቡ አልቆ ሌላ ጀምረናል፣ ያ ገጽ ግን እስካሁን እንደታጠፈ ነው።