ለሦስት ሩብ ጉዳይ፣ በስፓኒሽ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ኩሽና እሠራለሁ። አብረውኝ ያሉት አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ የኖረ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ ጎን ለጎን ሲሠራ የማያይበት ቀን የለም።

አንድ ቀን በዕድሜ የሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባዬ ፈረቃ እንድቀይራቸው ለመኑኝ። የልጅ ልጃቸውን ሐኪም ቤት ሊወስዱ ነው። ሁላችንም "ዶኛ" እንላቸዋለን፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው። "ነገ በስንት ሰዓት ትመጣልኛለህ?" አሉኝ በስፓኒሽ። እኔም ሳላመነታ "አ ላስ ዶስ" አልኳቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። እሳቸው የሰሙት ግን በፈረንጅ ሰዓት ሁለት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አይደርስልኝም ብለው የጠዋቱን ቀጠሮ ሰረዙት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ስገባ፣ ሽርጣቸውን አስረው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ሁለታችንም ወዲያው ገባን። የሚቀጥለው ቀጠሮ የተገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ያን ሰሞን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ጀምሬ ነበር። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ የሚሠራ፣ ሰዓቱን በስፓኒሽ ቃላት የሚጽፍ አጭር ፕሮግራም ልሥራ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ካየሁት አፌ ይለምደዋል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ኮድ 20 መስመር አይሞላም። አንዱ ሊስት (የቃላት ዝርዝር) ከ1 እስከ 12 ያሉትን ሰዓቶች ይዟል፣ ሌላው ከ1 እስከ 29 ያሉትን ደቂቃዎች። ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች አላስፈለጉኝም፤ 30 "ሜዲያ" ነው፣ ተኩል ማለት። ከ30 ሲያልፍ ደግሞ ስፓኒሽም እንደ እኛ ወደሚመጣው ሰዓት ዞሮ የቀረውን ይቆጥራል። 15 ደቂቃ "ኳርቶ" ነው፣ ሩብ። ኮምፒውተሩ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር ለ12 አካፍዬ ቀሪውን ወሰድኩ። እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ላይ ቀሪው ዜሮ ስለሚሆን "ሶን ላስ ሴሮ" አለኝ። ዜሮ ከሆነ 12 በለው አልኩት፤ ያ ቶሎ ተስተካከለ።

ያደከመኝ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ስፓኒሽ ሰዓትን በሴት ፆታ ይጠራል። አንድ ሰዓት ብቻ ነጠላ ነው፤ "እስ ላ ኡና" ይባላል። ከሁለት ጀምሮ ብዙ ቁጥር ይሆንና "ሶን ላስ ዶስ"፣ "ሶን ላስ ትሬስ" እያለ ይቀጥላል። እኔም ሰዓቱ 1 ከሆነ "እስ ላ"፣ ካልሆነ "ሶን ላስ" የሚል መስመር ጻፍኩ። ጥቂት ሰዓቶችን ሞከርኩ፣ ሁሉም ትክክል መጣ። ስልኬ ላይ ጭኜ ሥራ ገባሁ።

ለምሳ ስንቀመጥ 12:45 ነበር። ስክሪኑ "ሶን ላስ ኡና ሜኖስ ኳርቶ" ይላል፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ለማለት ነው። አጠገቤ የነበረ ልጅ አየውና "እስ ላ ኡና ነው የሚባለው" አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 1:45 ላይ፣ "እስ ላ ዶስ ሜኖስ ኳርቶ" አለ። ይህም ስህተት ነው። "እስ ላ" ወይስ "ሶን ላስ" የሚለውን የምወስነው ሰዓቱ አንድ ከመጨመሩ በፊት ነበር። 12:45 ላይ ኮዱ 12 ያያል፣ አፍ ግን የሚጠራው አንድን ነው። መስመሩን ሦስት ረድፍ ወደ ታች ማውረድ በቂ ነበር። ያቺን ስህተት ለማግኘት ግን እውነተኛው ሰዓት 12:45 እስኪሆን መጠበቅ አልነበረብኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ፕሮግራሙን ትንሽ ለወጥኩት። ሰዓቱን ራሱ ከሚያነብ፣ ሰዓትና ደቂቃ ሲሰጡት ቃላቱን የሚመልስ ፈንክሽን፣ ማለትም ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል አደረግኩት። ከዚያ የቀኑን ደቂቃዎች በሙሉ፣ 24 ጊዜ 60፣ 1440 መስመር አሳተምኩና ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። አምስት ስህተት አገኘሁ፣ በእጄ ስሞክር አንዱንም አላየሁትም ነበር። አሁን ሰዓት ወይም ቀን የሚነካ ነገር ስጽፍ መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። ቀን ውስጥ ያሉት ደቂቃዎች ውሱን ናቸው፤ ሁሉንም ማየት እየተቻለ ለምን ይገመታል?

ዝርዝሩን ለዶኛ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ላስ ትሬስ ሜኖስ ኳርቶ" ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። "ይሄ የስፔን ነው፣ ሚሆ (ልጄ)። እኛ ዘንድ ኳርቶ ፓራ ላስ ትሬስ ነው የሚባለው።"

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። "ሜኖስ" ሲቀነስ ማለት ነው፤ ሦስት ሲቀነስ ሩብ። የስፔኑ አባባል ይህ ነው፣ እኔም ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁት እሱን ነበር። የሳልቫዶሩ "ፓራ" ግን "ለ" ማለት ነው። ኳርቶ ፓራ ላስ ትሬስ፤ ሩብ፣ ለሦስት። ይህ የእኛው "ለሦስት ሩብ ጉዳይ" አይደለም እንዴ! እንዲያውም ሙሉ አድርገው ሲሉት "ፋልታ ኡን ኳርቶ ፓራ ላስ ትሬስ" ነው። "ፋልታ" ይጎድላል ማለት ነው። ጉድለቱ ሳይቀር አለበት። እኔ መቀነስ እየተማርኩ ስደክም፣ እናቴ ቤት የተማርኩት አባባል አጠገቤ ሲነገር ኖሯል።

በዚህ ምክንያት ኮዱን እንደገና ጻፍኩት፤ በደስታ ነው የጻፍኩት። የሚገርመው ግሱ ራሱ ጌታውን ይቀይራል። በ"ሜኖስ" ጊዜ ግሱ የሚከተለው ሰዓቱን ነው። በ"ፋልታ" ጊዜ የሚከተለው የጎደለውን ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ ሲጎድል "ፋልታ ኡን ሚኑቶ"፣ ሁለት ሲጎድል "ፋልታን ዶስ ሚኑቶስ"። ስለዚህ ከ30 በታችና ከ30 በላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች ሆኑ። አንድ ላይ ልጠቅልላቸው ስታገል የባከነው ምሽት ያሳዝነኛል።

ፊደሉም የራሱ ነገር አለው። ጠዋት "ማኛና" ነው። መጀመሪያ "ኛ"ን በተራ "ና" ጻፍኩት፣ ከላይ ያለችው ምልክት ጌጥ መስላኝ። ዶኛ "ይህ ሌላ ፊደል ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እነሱ "ን" ላይ ምልክት ጨምረው "ኝ" ያደርጋሉ፤ እኛም "ነ" ላይ መስመር ጨምረን "ኘ" አድርገናል። እኔ ይህን እያወቅኩ መሳሳት አልነበረብኝም።

የቀኑን ክፍል መጨመር ብዙም አልከበደኝም። እንግሊዝኛ ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ይተወዋል። ስፓኒሽ ግን ማኛና፣ ታርዴ፣ ኖቼ፣ ማድሩጋዳ አለው፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ከምንለው ብዙም አይርቅም። በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 2:00 ላይ "ሶን ላስ ዶስ ዴ ላ ማድሩጋዳ" ሲል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለው ድካም ሁሉ ውስጡ አለ። ኖቼ ከስንት ይጀምር ብዬ ዶኛን ስጠይቃቸው "ሲጨልም" አሉኝ። ኤል ሳልቫዶር እንደ ኢትዮጵያ ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ያለች አገር ናት፤ ዓመቱን ሙሉ የሚመሸው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። እዚህ ግን በበጋ በፈረንጅ 8 ሰዓት ገና ብርሃን ነው። ሁለታችን ተማክረን 19 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አቆምነው።

አንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ኪራይ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩትና አራት ሰዓት ቀድሞ ተገኘ። ሰርቨሩ የሚያነበው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ እኛ ደግሞ በበጋ ከዚያ በ4፣ በክረምት በ5 እንዘገያለን። ልዩነቱን በቁጥር ከመቀነስ ይልቅ የሰዓት ክልሉን ስም መስጠት ይሻላል፤ ሰዓቱ በተቀየረ ቁጥር ራሱ ያስተካክላል።

ባለፈው ሳምንት ዶኛ "የእናንተንስ ይችላል?" አሉኝ። ቃላቱን ቀየርኩ፣ ከሰዓቱ ላይ 6 ቀነስኩ። በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 3:00 ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል ብዬ ሰግቼ ነበር። ፓይተን ግን የ-3ን ቀሪ ለ12 ሲያወጣ 9 ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ ነው። "እስ" እና "ሶን" ደግሞ ጠፉ፤ ለሁሉም "ነው" በቃ። 1440ውን መስመር አሳትሜ አነበብኩ። አሁን ኩሽናው ግድግዳ ላይ ባለች አሮጌ ታብሌት ሁለቱ ከላይና ከታች ይታያሉ። ፈረቃ ስንለዋወጥ ሁለታችንም ወደዚያ እንጠቁማለን።