በደንገጎ ቁልቁለት የገባው ማርሽ

እግዚአብሔር በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ለእናቴ፣ ለወንድሜና ለእኔ ያደረገልንን እመሰክራለሁ።

የድሬዳዋ ሰው የደንገጎን መንገድ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ግን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሰው በጠመዝማዛ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ መውጣት አለበት። ድሬዳዋ ራሷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 የተቆረቆረችው፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ የነበረው የባቡር ሐዲድ ይህን ተራራ መውጣት ከብዶት ከግርጌው ስለቀረ ነው። እኛ ባቡር ያልደፈረውን ዳገት የወጣነው፣ እናቴን ከኋላ አስተኝተን፣ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966 በተሠራች ቮልስዋገን ኮምቢ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። ወንድሜ በጠና ታሞ ሳለ እናቴ «ልጄን ማርልኝ፤ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» ብላ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳለች። ወንድሜ ዳነ። እርሷ ግን ስለቷን ሳታደርስ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ከተቀመጠች ሕመሙ ስለሚጠናባት በሚኒባስ ተጉዞ ቁልቢ መድረስ የማይታሰብ ሆነ። ጥላው በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እናቴ በየወሩ በ19 ታስወርደውና አቧራውን በእጇ ጠርጋ ታስመልሰው ነበር።

ቤተሰቡ ሁሉ «አስተኝቶ የሚያደርሳት መኪና ስጠን» እያለ ሲጸልይ፣ መኪናዋ ከዛፍ ሥር፣ በገዛ ግቢያችን ቆማ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምድር ባቡር ጡረታ በወጣበት ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት የጉዞ መኪና ናት፤ ከኋላ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንንሽ የእንጨት ቁም ሣጥኖችና የእጅ መታጠቢያ አላት። አንድ ማታ ወንድሜ በሯን ከፍቶ አልጋውን ሲዘረጋ ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። የመጀመሪያው ጸሎት የተመለሰው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምቢዋ አቅም የላትም። ከኋላ የተቀመጠው 1,500 ሲሲ ሞተሯ አዲስ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ከ44 የፈረስ ጉልበት አያልፍም ነበር፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህ ላይ አንድ አሥረኛ ያህሉ ይቀነሳል። ሞተሩ የሚበርደው በውኃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ወዲያው መቆም ግድ ነው። የዚያ ዘመን ኮምቢ የፍሬን መስመሯም አንድ ብቻ ነው፤ ዘይቱ በአንዱ ጎማ በኩል ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። መካኒካችን የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ለወጠ፣ ካንዴላዎቹን አጸዳ፣ መለዋወጫ ቺንጋ አስያዘን። መለዋወጫ ያላገኘለት ለአንደኛ ማርሽ ብቻ ነበር። ማርሹን ከሚሽከረከረው ጥርስ ጋር የሚያስማማው የነሐስ ቀለበት ስላለቀ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ካልቆመች በቀር አንደኛ አይገባም ነበር፤ እየሄደች ከሞከሩት ጥርሱ ይፋጫል፣ ዘንጉም እጅ ይመታል።

በታኅሣሥና በሐምሌ የንግሥ ቀን ያለውን ሕዝብ ስለማትችለው የየካቲትን 19 መረጥን። ሳይነጋ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ወጣን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሲብስም ቆመን በአንደኛ እየተነሣን ስንወጣ፣ ጭነት የያዙ አይሱዙዎች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉን ነበር። የኋላ ጎማዎቿ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ተጨማሪ ጥርስ ስላላቸው ቀስ ትላለች እንጂ አትመለስም። ሞተሩ ሲግል ዳር ይዘን ክዳኑን ከፍተን እናበርደዋለን፤ እናቴ ደግሞ በተኛችበት «አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶን እሳት ያዳንህ መልአክ፣ ይህንንም እሳት አብርድልን» ትላለች። ሠለስቱ ደቂቅን ያዳነው መልአክ የሞተርም ሙቀት የሚነገረው መሆኑን ከእርሷ ተማርሁ።

ቁልቢ ደረስን። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ለምስጋና ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ በቃሬዛ ገባች፤ ጥላውን በገዛ እጇ ሰጠች። አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን።

ስንመለስ ደንገጎን አልፈን ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርን፤ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። ድሬዳዋ ከታች በጭጋግ መሳይ አቧራ ውስጥ ትታየን ነበር። ከአንድ ኩርባ በፊት ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ለሰለሰ፤ ደግሜ ስረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፤ የጎማዎቹ የፍሬን ታምቡሮች ግለው ስለነበር ጥቂት ያዝ አደረገ እንጂ አላቆመንም። በቀኜ ገደል ነው፤ ከፊት ለፊት ከኩርባው ውስጥ የተጫነ አይሱዙ እየወጣ ነው። ወንድሜ የዳሽቦርዱን ብረት ጨብጦ ዝም አለ። እናቴ ተኝታ ጣሪያውን እንጂ መንገዱን አታይም፤ ነገር ግን ከድምፃችን መጥፋት ተረድታ አንድ ጊዜ ብቻ «ገብርኤል!» አለች።

ፍሪሲዮን ረግጬ ረጅሙን የማርሽ ዘንግ ወደ አንደኛ ገፋሁት። ገባ። ሳይፋጭ፣ ሳያንገራግር፣ እጄንም ሳይመታ ገባ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ወደ ፊት ተደፋች፣ የቁም ሣጥኖቹ በሮች ተከፍተው ኩባያዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ፍጥነታችን ግን ወዲያው ተሰበረ። ከአይሱዙው ጋር ተላልፈን ኩርባውን ዞርን፤ ከኩርባው ቀጥሎ፣ በተራራው በኩል፣ ለመንገድ ሥራ የተከመረ ጠጠር ነበር። ጎማዎቿን ጠጠሩ ላይ ሳወጣቸው ሰምጠው ቆሙ።

መንገድ ዳር ማንጎ ይሸጡ የነበሩ ወጣቶች ድንጋይ ተሸክመው ሮጠው መጡና ለአራቱም ጎማዎች ታኮ አደረጉ። አንዱ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ለእናቴ በጆግ ውኃ አመጣላት፤ እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈላቸው። በግራ የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው እየተዥጎደጎደ ነበር። እዚያው ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ «ይህን እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልሁ።

ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች፣ ፍሪሲዮን ሁለቴ በመርገጥና በመካከሉ ቤንዚን በመስጠት ያረጀ ማርሽም በጉዞ ላይ ሊገባ እንደሚችል ነግረውኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኔ ያን አላደረግሁም። እግሬ አንድ ጊዜ ብቻ መርገጡን፣ ቤንዚንም አለመንካቱን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ።

እናቴን ከነፍራሿ በፒክአፕ አወረድናት። በማግሥቱ መካኒኩ ወጥቶ በጎማው ላይ ያለውን የፍሬን ሲሊንደር ለወጠና ኮምቢዋን ይዟት ወረደ፤ የነገርሁትን ግን ስላላመነ ማርሽ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት ሜዳ ላይ እየነዳ አንደኛን ሞከረ። ተፋጨ፤ አልገባም። እንደገና በዝግታ፣ እንደገናም በፍጥነት ሞከረ፤ አልገባም። «ያን ዕለት እንዳደረግኸው አድርገህ አሳየኝ» ብሎ መሪውን ሰጠኝ፤ ለእኔም አልገባልኝም። ኋላ ሳጥኑን ከፍቶ የነሐሱን ቀለበት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ጥርሶቹ አልቀው ጠርዙ እንደ አሮጌ ሳንቲም ልሟል። ለዚህ ሥራው ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።