ከጉንዳን አንጀት ባክቴሪያ ስትፈልጉ ባዶው ቲዩብ ይቅደም

ፎርሚካ ፉስካ በአውሮፓና በእስያ ሜዳዎችና በጫካ ዳርቻዎች፣ ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ሥር የምትኖር ጥቁር ጉንዳን ናት፤ ሠራተኛዋ ከ4.5 እስከ 7 ሚሊሜትር ትረዝማለች። የአንጀቷን ባክቴሪያ በዲኤንኤ ለመለየት የተነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ጉንዳን የሌለበት ቲዩብ ያዘጋጅ፤ ከጉንዳኗ ያልመጣ ብክለት የሚለየው በእሱ ነው።

ፉስካ መናደፊያ የላትም። በሆዷ ጫፍ ባለች፣ ፀጉር በከበባት ክብ ቀዳዳ ፎርሚክ አሲድ ትረጫለች። ሃያ ጉንዳን በጠባብ ቲዩብ አጭቃችሁ ከከደናችሁ በገዛ አሲዳቸው ታፍነው ያልቃሉ፤ አየር የሚገባበት ሰፊ ዕቃ ያዙ። ከዚያ ለ24 ሰዓት ንጹህ ውሃ ብቻ ስጧቸው። አለዚያ ከምግብ ጋር የገባ መንገደኛ ባክቴሪያ ነዋሪ መስሎ ይቆጠራል። ወዲያው የማትከፍቷቸውን በ95 በመቶ ኢታኖል አቆዩ።

ኢታኖል ግን ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ዲኤንኤውን አያጠፋም። ከቆዳዋ ላይ ያለውን የሚበጣጥሰው በረኪና ነው፦ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ጉንዳኗን አንድ ደቂቃ ንከሩ፣ ዲኤንኤ በሌለበት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። የመጨረሻውን እጣቢ አትድፉት፤ እሱም ይመረመራል።

በማይክሮስኮፕ ሥር በአንዱ ወረንጦ የሆዷን መነሻ ያዙ፣ በሌላው የጫፉን ቀለበት ቆንጥጣችሁ በዝግታ ሳቡ። አንጀቱ ተስቦ ሲወጣ የአሲዱ ከረጢትም እንደ ትንሽ ፊኛ ተከትሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው እጅ የሚፈተነው፦ ከፈነዳ አሲዱ ዲኤንኤውን ስለሚሰባብር ናሙናውን ጣሉት፣ ወረንጦውንም እጠቡ።

የብዙ ጉንዳን ዝርያዎች አንጀት የሚይዘው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው። አሲዱ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ በዘመዶቿ በካምፖኖተስ ጉንዳኖች እንደታየው፣ ከበሉ በኋላ የሆዳቸውን ጫፍ እየላሱ አሲዱን ይውጣሉ፤ አሲድ የማይችል ባክቴሪያ ያልቃል፣ የአሴቶባክተር ወገኖች ያልፋሉ። ስለዚህ ከዲኤንኤ ማውጫው ኬሚካል የሚመጣ ቅንጣት ብክለት ከጉንዳኗ ባክቴሪያ ሊበልጥ ይችላል። ለየ10 ናሙናው ቢያንስ አንድ ባዶ ቲዩብ ከመጀመሪያው እስከ ፒሲአር (ዲኤንኤው እስከሚባዛበት ደረጃ) አብራችሁ አሳልፉ፤ በባዶውም በብዛት የታየውን የባክቴሪያ ስም አትመኑ።

በፎርሚካ ጉንዳኖች የተለመደውን ወልባኪያን ደግሞ ለዩት። በሴሎች ውስጥ የሚኖር፣ ከእናት በእንቁላል የሚተላለፍ ባክቴሪያ እንጂ የአንጀት ነዋሪ አይደለም። ጉንዳኗን ሙሉውን ከፈጫችሁ የዲኤንኤ ንባቡን ሊያጥለቀልቀው ይችላል፤ የቀሩትን ባክቴሪያዎች በመቶኛ ከማስላታችሁ በፊት አውጡት።