ከምግብ በፊት ሙቀት

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት። ማንጎው እየበሰለ ነው። ሲመሽ ሾላው ላይ የሚሰበሰቡት ፍሬ በል የሌሊት ወፎች በዝተዋል፤ የጓሮ መረብና እሾሃማ ሽቦ ላይ ተይዘው የሚገኙትም እንደዚያው። የአያያዛቸውን ነገር ዛሬ በደንብ ልጽፈው፤ በየዓመቱ የሚደገመው ስህተት አንድ ነውና። ሰው ሲያዝን መጀመሪያ የሚያቀርበው ምግብ ነው። በብርድ የደረቀች የሌሊት ወፍ ግን ከተመገበች ትሞታለች።

የኛዎቹ በአውስትራሊያና በእስያ እንዳሉት፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ እስከ አንድ ሜትር ተኩል እንደሚደርሰው ትላልቆቹ አይደሉም። አበላላቸው ግን ስለሚመሳሰል እዚያ ያሉ ተንከባካቢዎች በልምድ ያገኙት ዘዴ አብዛኛው እዚህም ይሠራል።

ከመንካት በፊት መለየት። ከጆሮዋ ሥር ነጭ ጸጉር ጉች ጉች ያለባት በዛፍ ላይ የምትውለው ናት። ያ ነጭ ምልክት ከሌላት፣ መላ ሰውነቷ ቡናማ ከሆነና በምላሷ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማች የዋሻዋ ናት። የማርበርግ ቫይረስ (ሰው ላይ ገዳይ ትኩሳት የሚያመጣው) ተሸካሚ መሆኗ የተረጋገጠው ይህች የዋሻዋ ዝርያ ናት። በኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ ወረርሽኙ ከታወጀ ወዲህ ይህን አቅልሎ ማለፍ አይገባም። እሷን ቤት አናስገባም፤ ሳንነካ ለእንስሳት ሐኪም እናስታውቃለን። የትኛዋ እንደሆነች ካልለየንም እንደ ዋሻዋ እንቆጥራታለን።

ለዛፏም ቢሆን በባዶ እጅ አይሆንም። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ማስክ፣ ድርብ ፎጣ ያስፈልጋል፤ የሚይዛትም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስቀድሞ የወሰደ አዋቂ ብቻ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ውስጥ ከፍሬ በል የሌሊት ወፍ የተገኘው የሌጎስ ቫይረስ የዚያው በሽታ ዘመድ ሲሆን የተለመደው ክትባት በደንብ አይከላከለውም። ስለዚህ የተከተበ ሰውም ጓንቱን አያወልቅም። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

መረብ የያዛትን መጎተት አይገባም። ዙሪያውን በመቀስ ቆርጦ ከነመረቡ በፎጣ ጠቅልሎ ማምጣት፣ ከዚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ ክር በክር መፍታት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክንፏ ደህና ይመስላል፣ በዚያው ማታ ይለቋታል። ክሩ አንቆት የቆየው ቆዳ ግን ደም ተቋርጦበት ስለነበር ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠቁርና ይበሳል። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ማቆየት ያሻል። ትንሽ ቀዳዳ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይገጥማል። ወደ ትከሻ የተጠጋ የአጥንት ስብራት ግን ብዙ ተስፋ የለውም፤ እሱን የሚወስነው ሐኪም ነው።

አሁን ሙቀቱ። በሃይላንድ የሞቀ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በምትቀመጥበት ካርቶን አንድ ጎን ብቻ ማስቀመጥ፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ። ጸጉር ያላወጣች ግልገል ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ትፈልጋለች። መብራት ሲጠፋ ሃይላንዱን ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር አለ። ደሴ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም የጦሳ ተራራ ሥር ሌሊት ከኮምቦልቻ ሌሊት ጋር አይወዳደርም። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ቢባል፣ ገላዋ ሲበርድ አንጀቷ ይቆማል፤ የገባው ወተት ሳይፈጭ እዚያው ይበላሻል።

ከሞቀች በኋላ የመጀመሪያው ውሃ ነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ፣ ለብ አድርጎ፣ በጠብታ ከንፈሯ ላይ ማስላስ። ምግብ ከዚህ በኋላ ነው።

የግልገል ወተት በቀን ከክብደቷ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው። ለምሳሌ 20 ግራም የምትመዝን በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፤ ለስድስት ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌ፣ ጫፉ ላይ የካኑላ (ግሉኮስ ሲሰጥ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ለስላሳ ፕላስቲክ ተሰክቶ። ክንፏን አጥፎ በጨርቅ መጠቅለል፣ ጭንቅላቷን ከገላዋ ዝቅ ማድረግ። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኝቶ ማጥባት ወተቱን ወደ ሳንባ ይልከዋል። በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ ጭንቅላቷን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ መጥረግ ነው። በማግስቱ ትንፋሿ ሲንኮሻኮሽ ከተሰማ የሳንባ ምች ጀምሯታል፤ የሚያድናት ካለ ሐኪም ነው። ጠብታ ወተት ፊቷ ላይ ከደረቀ ጸጉሯን ስለሚያረግፍ ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እናቷ ሆድ ላይ ተለጥፋ ማደግ የለመደች ስለሆነች የተጠቀለለ ካልሲ ትታቀፍበት ዘንድ ይሰጣታል። እሱን ስታገኝ ጩኸቷ ሲበርድ ማየት ልብ ይነካል።

ለትልቋ ፍሬ፦ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ጥቂት ሙዝ፣ በአተር ፍሬ መጠን ተቆርጦ፣ በአንድ ሌሊት ከክብደቷ የማያንስ። ሾላ ከተገኘ ይቀድማል፤ ካልሲየሙ ጥሩ ነው። ፍሬ ብቻውን ፕሮቲን ያንሰዋልና በ100 ግራም ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዱቄት ወተት መነስነስ ይጠቅማል። ደም ማነስ እንዳይዛት ብለው የብረት ሽሮፕ የሚጨምሩ አሉ፤ አይደረግም። ተይዘው የሚኖሩ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ጉበት ውስጥ ብረት እየተከማቸ ይገድላቸዋል። ጣሳው መሬት ላይ ሳይሆን በአፏ ልክ፣ ከተንጠለጠለችበት ሽቦ አጠገብ ይሰቀላል።

ስትበላ ማየት ይገርማል። ፍሬውን ጉንጯ ውስጥ ትከተዋለች፣ በምላሷ ከላንቃዋ ጋር ጨምቃ ጭማቂውን ትውጣለች፣ የቀረውን ገለባ ጠፍጣፋ አድርጋ ትተፋዋለች። ያ እንክብል ከታች ሲገኝ የታመመች የሚመስላቸው አሉ፤ ጤንነቷ ነው። ልትሸና ስትል ደግሞ በሁለቱ አውራ ጣቶቿ ጥፍር ትንጠለጠልና ጭንቅላቷን ወደ ላይ ታዞራለች፣ ጸጉሯ እንዳይቆሽሽ። ይህን ማድረግ ያቆመች፣ ሆዷ የረጠበ የሌሊት ወፍ ደክማለች ማለት ነው።

መልቀቅ፦ ክፍሉን ዝቅ ሳትል ደጋግማ ከዞረችና ቀጥ ብላ ከተሰቀለች፣ በተገኘችበት አካባቢ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ዝናብ በሌለበት ማታ። የኮምቦልቻዋን ደሴ ላይ መልቀቅ የለም። ማንጎውን በመረብ መሸፈን የሚፈልግ ሰው ጣት የማያሳልፍ፣ ነጭና የተወጠረ መረብ ይግዛ፤ አጎበርም ይሆናል። ልቅ ሆኖ የተንጠለጠለው ቀጭን የናይለን መረብ ነው ክንፋቸውን የሚቆርጠው።