ሐይቅ ዳር የሚያድር የአባት ጠመንጃ

ባሕር ዳር ውስጥ ከአባት የወረደ የአደን ጠመንጃ የሚበላሸው በተኩስ ሳይሆን በአቀማመጥ ነው። ክረምት ሲገባ የጣና እርጥበት ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ሞቅ ያለ አየር ሲነካው ያልበዋል። ላቡ በቆዳ አፎት ውስጥ ከታፈነ መድረቂያ የለውም፤ ቆዳው ሲለፋ የገባበት ጨውም ያግዘዋል። ዳዊት በማኅደር ይኖራል፤ ጠመንጃ ግን በአፎቱ ከከረመ ዝጎ ይወጣል።

ፈቃዱ ገና በሟች ስም ከሆነ ከዘይቱ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሂዱ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። ከዚያ አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

ጣት ላይ የሚቀረው ቀይ ዝገት ነው ጠላታችሁ። እኩል የወየበው ጥቁር ቡናማ ግን ዕድሜው ነው፣ ተዉት። ዝገቱን በቀጭን የጠመንጃ ዘይት አርሳችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ከዚያ እንደ ጸጉር በቀጠነ ባለ 0000 የብረት ሽቦ፣ ዘይት ሳይለየው፣ በስሱ እሹት። የድስት ማጠቢያ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት አይሆኑም፤ ጥቁረቱንም የፋብሪካውን ማኅተምም ይልጣሉ። የምግብ ዘይትም አትቀቡ፤ ኑግ ብረት ላይ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል።

«ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አፍልተን እናጥቁርላችሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ጠመንጃውን ይዛችሁ ውጡ። የባለ ሁለት አፈሙዝ ቱቦዎች ብዙውን ጊዜ የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ ነው። የፈላው ሶዳ ብየዳውን ይበላል፤ በቱቦዎቹ መካከል የቀረውም ከውስጥ ያዝጋል።

ብሎኖቹን ባገኛችሁት ካቻቢቴ አትንኩ። ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ልክ እስኪሞላ በሞረድ ይስተካከል፤ አለዚያ የብሎኑ ራስ ይቦደሳል።

ሰደፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ በጥፍር የሚጫር ከሆነ ለዓመታት የወረደ ዘይት ጠጥቷል። የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን አቡክታችሁ ለጥፉበት፤ ሲደርቅ ዘይቱን ስቦ ይወይባል፣ አራግፋችሁ ድገሙት። ይህን ደጅ፣ ከከሰል ምድጃ ርቃችሁ ሥሩ። የጎደጎደውን እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ የጋለ ካውያ ለቅጽበት ብታሳርፉበት እንፋሎቱ እንጨቱን ያነሳዋል። ፍቆ ማስተካከል ግን ሰደፉን ከብረቱ በታች ያደርገዋል፤ አይመለስም።

ለማጠናቀቂያ ከቀለም ቤት የተፈላ የተልባ ዘይት ግዙ። የመጀመሪያውን እጅ እኩል በእኩል በአኳራጅ አቅጥኑት። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ብቻ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ቢያንስ አንድ ቀን መጠበቅ፤ አራት አምስት ጊዜ። በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ቸኩላችሁ ከደረባችሁ ሲያጣብቅ ይኖራል። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ይነዳልና ውኃ ውስጥ ንከሩት።

መተኮስ ካሰባችሁ የጥይት ማደሪያውን ርዝመት አስለኩ። የድሮ ባለ 12 (ቁጥሩ የቱቦው ስፋት መለኪያ ነው) ጠመንጃ ማደሪያው ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬው 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ይገባለታል፤ ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ያይላል። ቱቦው ላይ የተጠማዘዘ የብረት ጥለት ከታየ በዘመናዊ ባሩድ አትሞክሩት።

ስታስቀምጡት አፈሙዙን ወደ ታች፣ በጨርቅ ላይ፤ ያኔ ዘይቱ ወደ ሰደፉ አይወርድም። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ በዘይት ጨርቅ ጥረጉት፤ እንግዳ በነካው ቁጥርም እንዲሁ፣ የእጅ ላብ ጨው ነውና።