ስክሪኑ ሲጠፋ የሚቆመው የእኛ አፕ ብቻ ነበር

ጀርመን ውስጥ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጥሬ ሳለሁ የገጠመኝን ነው የምጽፈው። ድርጅቱ የሚሸጠው የስልክ ፎቶዎችን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማስቀመጫ፣ የሚገለብጥ አፕ ነበር። የእኔ ሥራ የደንበኞችን ቅሬታ መቀበልና ችግሩን ስልክ ላይ ሞክሮ ማረጋገጥ ነው።

ቅሬታው ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር። «ከፈልኩ፣ ጫንኩት፣ ማታ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግማሹ ፎቶ እንኳን አልሄደም።» አንዳንዱ ገንዘቡን እንድንመልስለት ይጠይቃል። አንዳንዱ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶን አፑን ያጠፋዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ይህችን ይጨምራሉ፦ «ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ይሠራል እኮ፣ እናንተን ምን አቃታችሁ?»

ነገሩን ያከረረው የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ስልኳ ባቡር ላይ ጠፋባት። የልጇ የመጀመሪያ ወራት ፎቶዎች ሁሉ እኛ ጋ ተቀምጠዋል ብላ አምና ነበር። ገብታ ስታይ አብዛኞቹ የሉም። እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል? አለቃችን በጣም ተቆጣና ሁላችንንም ሰብስቦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ኢንጂነሮቹ «የስልኩ ሲስተም አይፈቅድልንም» አሉ። አላመናቸውም። እውነት ለመናገር ከውጭ ለሚሰማው ሰው የሰነፍ ሰበብ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ሞከርነው። ሁለት አንድ ዓይነት ስልኮች፣ አንድ ዋይፋይ፣ ተመሳሳይ ፎቶዎች፣ ሁለቱም ቻርጅ ላይ። አንዱ ላይ የእኛ አፕ፣ ሌላው ላይ የሲስተሙ ባለቤት የራሱ የፎቶ ማስቀመጫ። ስክሪኖቹን አጥፍተን ወደየቤታችን ሄድን። ጠዋት የእነሱ ጨርሷል። የእኛ ትንሽ ሄዶ ቆሟል። አፑን ስንከፍተው ወዲያው ካቆመበት ቀጠለ፣ ስክሪኑን ስናጠፋው ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቆመ። አለቃችን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ኮዱ ላይ ምንም ስህተት የለም ማለት ነው?» አለ። የለም።

ስክሪኑ ሲጠፋ የትኛው ፕሮግራም መሥራቱን እንደሚቀጥል የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ያኔ ለሌሎች አጭር ጊዜ ይሰጥና ያስቆማቸው ነበር። የባለቤቱን የራሱን ምርት ግን ይህ ደንብ አይነካውም ነበር። የስልኩ ባለቤት «ይሄኛውም ይሥራ» ብሎ ሊፈቅድ ቢፈልግ የሚነካው ቁልፍ እንኳን አልነበረም። ለሲስተሙ ባለቤት ድርጅት ጻፍን። መልሱ አጭር ነበር፦ የባትሪና የደኅንነት ጉዳይ ነው።

መልሱ ባዶ አይደለም። ሁሉም አፕ እንዳሻው ከሠራ ባትሪው እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም፣ ሰውን የሚሰልል ፕሮግራምም ያንን በር ይጠቀምበታል። ገደብ መኖሩን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ገደቡን ያወጣው ድርጅት በዚያው ገበያ እየሸጠ ራሱን ከገደቡ ውጭ ማድረጉን ነው። ቻርጅ ላይ ለተሰካ ስልክ ደግሞ የባትሪው ምክንያት አይሠራም። ሰዎች «የእኛን ሐሳብ ኮረጁብን» ሲሉ ብዙ እሰማለሁ፣ እኔን ግን መኮረጁ ያን ያህል አያናድደኝም። ሐሳብ ማንም ሊያመጣው ይችላል። የሚያናድደኝ ደንበኛው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የእኛን ሰነፍ፣ የእነሱን ጎበዝ ማለቱ ነው። የማይታይ ገደብ የሌላውን ስም ያጠፋል፤ ስሙ የጠፋበት ደግሞ ማስረዳት እንኳን አይችልም።

በዕድሜ የገፉ አንድ ባልደረባችን ይህ አዲስ እንዳልሆነ ያን ሰሞን አጫወቱን። የዊንዶውስ ሲስተም ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኔትስኬፕ የሚባለውን ብራውዘር (የኢንተርኔት ገጾችን የሚከፍት ፕሮግራም) እንዴት ከገበያ እንደገፋ ብዙ ሰው ያውቃል። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ከሰሰው። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኩባንያው ለሁለት ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ ቢሽረውም፣ ሞኖፖሊውን፣ ማለትም ገበያውን ብቻውን መያዙን፣ በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል የሚለውን አጸና። ዐቃቤ ሕጎቹ በዋናነት ከተደገፉባቸው ማስረጃዎች አንዱ የኩባንያው የራሱ ኢሜይሎች ነበሩ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የሳምባ ታሪክ ነው። ሳምባ አንድሩ ትሪጅል የሚባል ፕሮግራመር አውስትራሊያ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ዊንዶውስ ያልሆኑ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ጋር ፋይልና ፕሪንተር እንዲጋሩ ያደርጋል። ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ስላልተሰጣቸው ሠሪዎቹ በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት እያዩ መገመት ነበረባቸው። ለዓመታት! የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣና መረጃውን ለተወዳዳሪዎች እንዲሰጥ አዘዘ። ፍርድ ቤት በ2007 ውሳኔውን አጸናው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሳምባዎች በአንድ ጊዜ የ10,000 ዩሮ ክፍያ ሰነዱን አገኙ። ለመረጃው ሲጠየቅ የቆየው ዋጋ ምክንያታዊ አልነበረም ተብሎም ኩባንያው በ2008 ሌላ 899 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። በኋላ ፍርድ ቤት ይህን ወደ 860 ሚሊዮን ዝቅ አድርጎታል።

አለቃችን ይህን ከሰማ በኋላ አሠራሩን ለወጠ። ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር ያንኑ ሙከራ እንደግማለን፤ ቀኑን፣ የሲስተሙን ቁጥር፣ የእኛ አፕ የቆመበትን ሰዓት እንመዘግባለን። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ። ሰው ከመክፈሉ በፊት «ስክሪኑ ሲጠፋ ፎቶ መላኩ ይቆማል» የሚል ጽሑፍ ይታየው አልኩ። የሽያጭ ሰዎቹ ገዢ ያሸሻል ብለው ተቃወሙ፤ ለትንሽ ድርጅት ቀላል ስጋት እንዳልሆነም ይገባኛል። ግን የዚያችን እናት ደብዳቤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ገባ።

አውሮፓ ውስጥ አሁን የዲጂታል ገበያዎች ሕግ አለ። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ሕጉ የሰየማቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ለራሳቸው ምርት የከፈቱትን የሲስተም በር ለሌላውም ያለ ክፍያ እንዲከፍቱ ያስገድዳል። የደኅንነት ጥንቃቄ ማድረግ ይችላሉ፣ ነገር ግን በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው። እኛ የጠየቅነውም ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ሕጉ ግን ከአውሮፓ ኅብረት አይወጣም። አዲስ አበባ ሆኖ ተመሳሳይ አፕ የሚሠራ ልጅ በዚያው ሲስተም ላይ ነው የሚሠራው፣ መብቱ ግን የለውም። ለእሱ ደግሞ ገደቡ የባሰ ነው። ኔትወርኩ ሲዘገይና ሲቆራረጥ ፎቶዎችን ለመላክ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ሰው የሚበቃው አጭር ጊዜ እሱ ጋ ለጥቂት ፎቶም አይደርስም። ተጠቃሚው ጠዋት ተነስቶ የሚወቅሰው ደግሞ ያንኑ ልጅ ነው።